በር ሲንኳኳ የሚጀምሩ ፊልሞች

ከመሸ በኋላ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚከፍት ባለቤት ጥቂት ነው። ይህች አንዲት ቃል፥ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያለችውም አጭር ጸጥታ፥ በሲኒማ ጥበብ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ዐይነት ፊልም እንዲፈጠር ምክንያት ሆናለች። ይኸውም ክፉ ሰዎች ሰላማዊ ቤተ ሰብ ወደሚኖርበት ቤት ገብተው ባለቤቶቹን በገዛ ቤታቸው እስረኞች ሲያደርጓቸው የሚያሳየው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ቤት፥ ጥቂት ተዋንያንና አንድ ሌሊት ይበቁታል። ከዚህም የተነሣ የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው፤ በተመልካች ልብ የሚቀሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ክቡራን አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህን ልዩነት ምክንያት ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ፊልም የሚያስፈራው በወንበዴው ጭካኔ፥ በጩቤውና በሽጉጡ ይመስለዋል። የፊልም ነጋዴዎችም ይህንኑ ስለሚያምኑ ገንዘባቸውን በቀይ ቀለም ላይ ያፈሳሉ። በእኛ አስተያየት ግን የፊልሙን ዕድል የሚወስነው ወንበዴው ሳይሆን ቤቱ ነው። ተመልካቹ ወንበዴው ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱን እንደ ገዛ ቤቱ ሊያውቀው ይገባል፤ ደረጃው የት እንዳለ፥ የጓዳው በር ወዴት እንደሚያወጣ፥ ስልኩ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ቤት የሚኖሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚተማመኑ መረዳት አለበት። ይህን ካወቀ የአንዲት ሳንቃ ሲጢጥታ ይበቃዋል። ካላወቀ ግን ቤቱ በደም ቢጥለቀለቅ እንኳ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሰዓቱን ይመለከታል።

የዚህ ጥበብ መሠረት የተጣለው ገና ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ነው። በ1909 ዓ.ም. ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ «ዘ ሎንሊ ቪላ»፥ ማለት «ብቸኛው ቪላ»፥ የተሰኘውን ከሩብ ሰዓት ያነሰ ፊልም ሠራ። ባልዮው በተንኰል ከቤት እንዲርቅ ከተደረገ በኋላ ሌቦች በሩን ይሰብራሉ፤ እናትና ልጆቿ የቤት ዕቃ ከበር ሥር እየከመሩ ከክፍል ወደ ክፍል ያፈገፍጋሉ፤ ባልዮውም ጭንቀታቸውን በስልክ እየሰማ ሳለ ሽቦው ይቈረጣል። ግሪፊዝ ካሜራውን ከሌቦቹ ወደ እናቲቱ፥ ከእናቲቱ ወደ ባልዮው፥ እንደ ገናም ወደ ሌቦቹ እያመላለሰ የተመልካቹን ልብ አንጠለጠለ። ታሪኩ ግን ከእርሱ የመነጨ አልነበረም። አንድሬ ደ ሎርድ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ ቀደም ብሎ ለመድረክ በጻፈው ቴያትር፥ ባልዮው የቤተ ሰቡን መገደል በስልክ እየሰማ ምንም ማድረግ ሳይችል ይቀራል። ግሪፊዝ መጨረሻውን ለውጦ ባልዮውን በጊዜ አደረሰው።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1913 ሎይስ ዌበር የተባለች ሴት ከባሏ ጋር ሆና «ሰስፔንስ» የተባለውን ፊልም አዘጋጀች፤ የሚስቲቱንም ክፍል ራሷ ተጫወተችው። እዚህ ላይ ለሌባው በር የከፈተለት ጕልበቱ አይደለም። ሥራዋን ትታ የምትሄደው የቤት ሠራተኛ ቁልፉን ከበሩ ምንጣፍ ሥር አስቀምጣ ነበርና፥ ሌባው ጐንበስ ብሎ ማንሣት ብቻ በቃው። ቁልፍን ከምንጣፍ ሥር ማኖር በብዙ አገር ያለ ልማድ ስለ ሆነ፥ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምንጣፉን ሳይገልጥ አልገባ ይሆናል። ዌበር ደግሞ የሲኒማውን መጋረጃ ከሦስት ከፍላ ሌባውን፥ ሚስቲቱንና በስልክ የሚያነጋግራትን ባሏን በአንድ ጊዜ አሳየች። በዚያ ዘመን ይህ ታላቅ ብልኀት ነበር።

ከእነዚህ ቀዳሚዎች በኋላ ከተሠሩት መካከል ሰፋ አድርገን ልናነሣው የሚገባን «ዘ ዴስፐሬት አወርስ»፥ ማለት «የጭንቅ ሰዓቶች»፥ ነው። ጆሴፍ ሄይስ የተባለው ደራሲ አስቀድሞ በልቦለድ መልክ ጻፈው፤ ቀጥሎም ለመድረክ አዘጋጀው፤ በ1955 ደግሞ ዊልያም ዋይለር ፊልም አደረገው። ሦስት ከወህኒ ያመለጡ ወንጀለኞች የሚሸሸጉበት ቤት ሲፈልጉ፥ አለቃቸው ግሌን ግሪፊን አንዱን ቤት የሚመርጠው ሀብታም መስሎት ወይም ግንቡ ዝቅ ብሎ አይደለም፤ በግቢው ሣር ላይ የተጣለ የልጅ ቢሲክሌት አይቶ ነው። ልጅ ያለው ሰው ለልጁ ሲል አይደፍርም፥ የሚታዘዝ ይሆናል ብሎ ያስባል። ይህች ቢሲክሌት ከመቶ ጥይት ይልቅ ታስፈራለች። በየቤታችን ደጃፍ እንዲህ ያለ ነገር ተጥሎ የማያውቅ ማን አለ?

ግሪፊንን የተጫወተው ሃምፍሬይ ቦጋርት፥ አባትዮውን ዳን ሂልያርድን የተጫወተው ፍሬድሪክ ማርች ነው። የፊልሙ ትልቁ ብልኀት ወንበዴዎቹ ቤተ ሰቡን በገመድ አለማሰራቸው ነው። ጐረቤት እንዳይጠረጥር አባት ወደ ሥራው እንዲሄድ ይፈቀድለታል። እርሱም ልብሱን ለብሶ ይወጣል፥ ማታም ወደ እስር ቤቱ በገዛ እግሩ ይመለሳል። የሚያስረው ገመድ በቤቱ ያሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤት የሚመላለስ ሰው ይህን ትርኢት ሲያይ ከወንበሩ እንደማይደላደል የታወቀ ነው።

መጨረሻውም ከቤቱ ሕይወት የወጣ ነው። ግሪፊን ሽጉጡን በትንሹ ልጅ ራስ ላይ ደግኖ አባትዮውን ያስፈራራዋል። አባትዮው ግን ሽጉጡ ጥይት እንደሌለው ያውቃል፤ ባዶ አድርጎ ወደ ቤት ያስገባው እርሱ ራሱ ነውና። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። አባትዮው ልጁን ከሰውየው እጅ ወጥቶ ወደ እርሱ እንዲሮጥ ይነግረዋል። ልጁ ማመን ያለበት የጉረሮውን ጭንቅ ሳይሆን የአባቱን ቃል ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ነኝ እያለ አባቱን መሳም እንቢ ሲል ስላየነው፥ አሁን ይሮጥ ወይስ አይሮጥ በማለት እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ይኸው ታሪክ በ1990 በማይክል ቺሚኖ አዘጋጅነት እንደ ገና ተሠራ። ሚኪ ሩርክና አንተኒ ሆፕኪንስን የመሰሉ ተዋንያን ነበሩበት፤ ቀለሙ ያማረ፥ ወጪውም ከፊተኛው የበዛ ነበር። ሆኖም ወደቀ፤ ገቢው ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ካሜራው ቤቱን እየተወ ወደ ተራራውና ወደ ወንዙ፥ ወደ ፖሊሶቹም ጩኸት ይወጣል። ተመልካቹ ውጭ ወጥቶ አየር በተቀበለ ቍጥር የቤቱ መታፈን ይቀርለታል። ባልና ሚስቱም አስቀድመው የተለያዩ ስለ ሆኑ፥ ወንበዴው የሚያፈርሰው ነገር ከመምጣቱ በፊት ፈርሷል።

የሚያስገርመው፥ በዚያው በ1990 ከአንድ ወር በኋላ ስለ ቤት ሰባሪዎች የተሠራ ሌላ ፊልም ወጥቶ የዓለምን ሲኒማ ቤቶች አጥለቀለቀ። ይኸውም «ሆም አሎን» ነው። ወላጆቹ ለጕዞ ሲጣደፉ ረስተውት የሄዱት የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ሌቦችን በቀለም ቆርቆሮ፥ በጋለ የበር እጀታና በበረዶ ደረጃ ሲያሰቃያቸው ሕፃንና ሽማግሌ አብረው ሳቁ። ጕዳዩ ሣቅ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። ልጁ የምድር ቤቱን ማሞቂያ እንደ ጭራቅ ሲፈራው፥ በደረጃው ላይ ሲንሸራተት፥ የወንድሙን ዕቃ ሲበረብር ቆይተናልና፥ ሌቦቹ በመጡ ጊዜ ቤቱን እኛም ከእነርሱ ይልቅ እናውቀዋለን።

አማርኛን ለሚማሩ አንባብያን እዚህ ላይ አንድ ቃል ማንሣት ይጠቅማል። በአማርኛ «እንግዳ» ማለት የተጋበዘ ሰው ማለት ነው፤ ጨርሶ የማይታወቅም ሰው ማለት ነው። ሁለቱን የሚለይ ሌላ ቃል ከበሩ ላይ የለንም። በቀድሞው ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም ያስገባዋል፥ እግሩን ያሳጥበዋል፥ እራት ያቀርብለታል። በትግርኛ ደግሞ እንግዳ «ጋሻ» ይባላል፤ ይህ ቃል በአማርኛ ጦር የሚመከትበት መሣሪያ ስም መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ይህን የቃል ጕዳይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ፊልሞች ምርጥ የሆኑት መስኰት በመስበር አይጀምሩም፤ ወንበዴው እንደ እንግዳ በበር ይገባል፤ የባለቤቱም ደግነት ራሱ መግቢያ ይሆነዋል።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ በ1967 ቴረንስ ያንግ ያዘጋጀው «ዌይት አንቲል ዳርክ»፥ ማለት «እስኪጨልም ቈይ»፥ ነው። መነሻው ፍሬድሪክ ኖት የጻፈው ቴያትር ነበር። ኦድሪ ሄፕበርን በአደጋ ዐይኗን ያጣች ሱዚ የምትባል ሴት ሆና ትጫወታለች። ባሏ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ የሚኖሩትም በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ምድር ቤት ነው። ባልዮው ሳያውቅ ከጕዞ ይዞት የመጣው አሻንጉሊት በሆዱ ሄሮይን የተባለ አደንዛዥ ዕፅ ተሸሽጎበታል። ይህን ፈልገው ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ የባሏ የጦር ሜዳ ጓደኛ ነኝ ይላል፤ ሁለተኛው ፖሊስ ነኝ ይላል፤ ሦስተኛው፥ አለን አርኪን የተጫወተው ሮት፥ አንድ ጊዜ ሽማግሌ አባት፥ አንድ ጊዜ ጐልማሳ ልጅ እየሆነ ይቀርባል። ሁሉም በጨዋ ደንብ አንኳክተው፥ በጨዋ ቃል ተናግረው ይገባሉ።

ሱዚ አታይም፤ ትሰማለች። ሽማግሌው አባትና ጐልማሳው ልጅ አንድ ዐይነት ጫማ እንደሚያደርጉ ከአረማመዳቸው ድምፅ ታውቃለች። እንግዶቹ የመስኰቱን መጋረጃ ደጋግመው ለምን እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ ትጠይቃለች፤ ውጭ ላለው ባልንጀራቸው ምልክት መሆኑንም ትደርስበታለች። እያንዳንዱን ነገር ከእርሷ ጋር ስለምንደርስበት የአእምሮዋ ወዳጆች እንሆናለን። በመጨረሻም ብቻዋን ከገዳዩ ጋር እንደምትቀር ባወቀች ጊዜ፥ የቤቱን አምፑሎች አንድ በአንድ ትሰብራለች። በጨለማ ውስጥ የሚያይ ሰውና የማያይ ሰው እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ጨለማን የለመደ ይበልጣል።

አንድ አምፑል ግን ረሳች። ወንበዴው የማቀዝቀዣውን በር ከፈተው፤ ከውስጡም ብርሃን ወጣ። በየቀኑ የምትከፍተው ማቀዝቀዣ ሲከፈት እንደሚበራ ዐይነ ስውር ሴት ልታስብ አትችልም፤ እኛ ዐይን ያለን ደግሞ በየቀኑ እያየነው አላሰብነውም። በእኔ ግምት በዚህ ዐይነት ፊልም ታሪክ ከዚህች ትንሽ ብርሃን የበለጠ የተዋጣ ዘዴ የለም። ጭካኔ የለባትም፥ ገንዘብ አላስወጣችም፥ ከቤቱም ውስጥ ነበረች። ፊልሙ በታየበት ዘመን በማስታወቂያው ላይ በመጨረሻዎቹ ስምንት ደቂቃዎች የአዳራሹ መብራት ሕግ እስከሚፈቅደው ድረስ እንደሚደበዝዝ ለተመልካቹ አስቀድሞ ይነገር ነበር። ሞተ ብለን የተውነው ሮት ከጨለማው ዘሎ በወጣ ጊዜ አዳራሹ ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሄፕበርን ለዚህ ሥራ ለኦስካር ሽልማት ታጭታ ነበር። ይህችው ተዋናይት በ1988 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የዩኒሴፍ መልእክተኛ ሆና የመጀመሪያ ጕዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን፥ በመቀሌም በረሀብ የተጐዱ ሕፃናት የነበሩበትን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ጐብኝታለች።

በ2016 ፌዴ አልቫሬስ የሠራው «ዶንት ብሪዝ» ይህንኑ ነገር ገልብጦ ያቀርበዋል። በዲትሮይት ከተማ ሦስት ወጣቶች የአንድ ዐይነ ስውር አሮጌ ወታደር ገንዘብ ሊሰርቁ ይገባሉ፤ ታድኖ የሚያዘው ግን ሌባው ይሆናል። ወጣቶቹ እንደ ገቡ ካሜራው ሳይቋረጥ ቤቱን እየዞረ የተቈለፈውን በርና የተሸሸገውን መሣሪያ አስቀድሞ ያሳየናል። ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኛ ነው። መብራቱ በጠፋ ጊዜም የሱዚ ብልኀት በአዛውንቱ እጅ ይገባል። ከአሥር ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱ አያስደንቅም። ወደ መጨረሻው ግን አዘጋጁ ቤቱ አልበቃ ብሎት አጸያፊ ምስጢር ከምድር ቤት ይጐትታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጸየፍ እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ዴቪድ ፊንቸር በ2002 ያዘጋጀው «ፓኒክ ሩም» ደግሞ ቤት አሻሻጩ ደላላ ቤቱን ለእናትና ለልጅ እያዞረ ሲያሳይ ይጀምራል፤ ለእኛም የሚያሳየው በዚያው ነው። ቤቱ በብረት የተሠራ መሸሸጊያ ክፍል አለው። እናትዮዋ ልጇን ይዛ ገብታ ትቈልፋለች። ሌቦቹ የሚፈልጉት ገንዘብ ግን በዚያው ክፍል ወለል ሥር ነው፤ የልጅቱ የስኳር በሽታ መድኀኒት ደግሞ ውጭ ቀርቷል፤ የክፍሉም ስልክ ገና አልተቀጠለም። ስለ ስልክ ከተነሣ፥ ከግሪፊዝ ሽቦ ጀምሮ አዘጋጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቁት ይህን ዕቃ ዝም ለማሰኘት ነው። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ጭንቀታቸው በዝቷል፤ ያለ ምክንያት የሚሞት ባትሪ በፊልም ውስጥ ባየሁ ቍጥር ደራሲው የደከመው እዚህ ነው እላለሁ።

የሚወድቁት ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት በሞኝነት ነው፤ ሰዎቹ መሸሽ ሲገባቸው ይለያያሉ፥ የወደቀውን ሽጉጥ ሳያነሡ ያልፋሉ፤ ይህም ፊልሙ ቶሎ እንዳያልቅ ብቻ ነው። በ2008 ብራያን በርቲኖ የሠራው «ዘ ስትሬንጀርስ» በዚህ ረገድ ግማሹ ወርቅ፥ ግማሹ ጭድ ነው። በሌሊት አንዲት ልጅ አንኳክታ የማይታወቅ ሰው ስም ጠርታ ትጠይቃለች። ቀጥሎም ባለቤቲቱ በቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ሳለች ጭንብል ያጠለቀ ሰው ከኋላዋ ከጨለማው ብቅ ብሎ ይቆማል፤ ሙዚቃ የለም፥ እርሷም አላየችም። ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት በኋላ በመጣው ሩጫና ጩኸት ሁሉ ውስጥ አልተገኘም።

በ1997 ኦስትሪያዊው ሚካኤል ሃኔከ ያዘጋጀው «ፋኒ ጌምስ» ግን ሆን ብሎ ተመልካቹን ሊያሳዝን የተሠራ ነው። ነጭ ጓንት ያደረጉ ሁለት ትሑታን ወጣቶች ዕንቍላል ለመበደር ይመጣሉ፤ ስልኩን ውኃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ቤተ ሰቡንም በጨዋታ መልክ ያጠፋሉ። እናትዮዋ አንዱን በጥይት በመታችው ጊዜ ሌላው የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አንሥቶ ፊልሙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ድሏም እንዳልነበረ ይሆናል። አዘጋጁ የሚለን «ይህን ለማየት ለምን መጣችሁ?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቲኬት ቈርጦ የገባን ሰው በመግባቱ መስደብ፥ እንግዳ ጠርቶ በር ላይ መገሠጽ ይመስለኛል። ሃኔከ በ2007 ያንኑ ፊልም በእንግሊዝኛ በአሜሪካ አገር እንደ ገና ሠራው፤ ማንንም ከፊተኛው የበለጠ አላስደነገጠም።

የሃኔከ ጥያቄ ግን ከሲኒማ ቤት ውጭ አንድ ጊዜ በፍርድ አደባባይ ቀርቧል። በ1952 በፔንሲልቬኒያ ከወህኒ ያመለጡ ሦስት ሰዎች አንድ አባት፥ እናትና አምስት ልጆች ያሉበትን ቤት ይዘው ለ19 ሰዓት አግተዋቸው ነበር። አንዳቸውንም አልመቱም፤ ጕዳት ሳያደርሱም ለቀዋቸው ሄዱ። ቤተ ሰቡ ስማቸው በየጋዜጣው መነሣቱ ስለ ከበዳቸው በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ግዛት ተዛወሩ። «የጭንቅ ሰዓቶች» ሲወጣ ግን ድብደባና ስድብ ተጨምሮበት ነበር፤ «ላይፍ» የተባለው መጽሔትም በ1955 ቴያትሩን የእነዚያው ሰዎች ታሪክ አድርጎ ጻፈ፤ ተዋንያኑንም ቤተ ሰቡ ትቶት ወደ ሄደው ቤት ወስዶ የቴያትሩን ትርኢቶች በዚያ እያሠራ ፎቶግራፍ አነሣቸው።

አባትዮው ከሰሰ። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች ፈረዱለት፤ ነገሩ ግን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ለቤተ ሰቡ ጠበቃ ሆኖ የቀረበው ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። በጥር ወር 1967 ፍርድ ቤቱ በጠባብ የድምፅ ብልጫ የመጽሔቱን ነጻነት አስቀድሞ ፍርዱን ሻረው። በዚያው ዓመት «እስኪጨልም ቈይ» በሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ፤ ኖት ታሪኩን የፈጠረው ከራሱ አእምሮ ነበርና፥ ሱዚ የምትባል ሴት ተነሥታ የከሰሰችው የለም።